የጾም ድንች ሰላጣ

«ጽዋውማ ዛሬ መምህሯን ያልፋታል» ሲባል የሰማሁት ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጠበል ለመጠጣት ተሰልፌ ቆሜ ነው። ተናጋሪዋ ከኋላዬ ናት። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ስለነበር ከጀርባ አላወቀችኝም፤ እኔ ግን ድምጿን አውቄዋለሁ። የሻሽወርቅ ናት፣ የዛሬዋ የማኅበራችን ደጋሽ። አጠገቧ ያለችው ሴት ቀበል አድርጋ፣ በጾም እንቁላል ያበላችን ሴት ጭራሽ አስተርእዮ ማርያምን ልትደግስልን ነበር ወይ አለች። ተራዬ ደረሰና ጠበሉን በእፍኜ ተቀበልኩ፤ ጠጣሁ፤ ፊቴን አበስኩ። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ሰው ስሜን ሲያጠፋ እንኳን ተራዬን ጠብቄ፣ ሥርዓቴን ይዤ ነው የምሰማው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መምህር ሞልቷል። በእኛ ማኅበር ግን መምህሯ ማለት እኔ ነኝ፤ ከአርባ ስምንቱ ሴቶች ስሜ እስከዳር መሆኑን የሚያውቁት ስንቶቹ እንደሆኑ ለመገመት ሞክሬ ትቼዋለሁ። ከወልዲያ የመጣሁ፣ የአሸናፊ ሚስት፣ የእማማ ንግሥቴ ምራት፣ እንግሊዝኛ የማስተምር፤ በቃ ይህ ነው። ማኅበሩ የማርያም ነው፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ይጠጣል። ወንበሩ የአማቴ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም «ምራቴ ትተካኝ» አሉና የዛሬ አራት ዓመት ገባሁ። አርባ ስምንት ሴት በየወሩ እየተቀባበለች ስትደግስ ለአንዷ ተራ የሚደርሳት በአራት ዓመት አንዴ ነው። እኔም አራት ዓመት ሙሉ የሌላውን ድግስ ሳስተናግድ፣ የሌላውን ሳፋ ሳጥብ ቆይቼ ዛሬ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ጽዋውን ተረክቤ፣ ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ፣ በትልቁ ቀን ልደግስ ነው። ጌሾው ተገዝቷል፤ ብቅሉ ተፈጭቷል። የዚያን ዕለት በራፌን የሚያልፍ ሰው የእስከዳር ቤት ገባሁ ብሎ እንዲገባ ነበር የምፈልገው። ጽዋው ዛሬ ካለፈኝ የሚያልፈኝ ለአራት ዓመት ብቻ አይደለም፤ በጾም እንቁላል ያበላች ተብላ የታለፈችን ሴት ማንም ተመልሶ ተራሽ ነው አይላትም።

ጣጣው ሁሉ የመጣው በድንች ነው። ኅዳር ሃያ አንድ ለማኅበሩ አንድ ሳፋ የድንች ሰላጣ ሠርቼ ወስጄ ነበር፤ የጾም። ድንቹ ተቀቅሎ ይከተፋል፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ይገባበታል፤ ዋናው ግን የሚለወስበት ነጩ ነገር ነው። ሱፍ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል፤ ወተቱ በሎሚና በዘይት እስኪወፍር ይመታል። ዘይቱ ደግሞ ያ ሰው ሁሉ የሚያማው የቀበሌ ፓልም ነው። በጠዋቱ ብርድ ስለሚረጋ ሱፉን ይዞ ያወፍረዋል፤ የኑግ ዘይት ቢሆን አጥቁሮ ያበላሸው ነበር። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ዐቢይ ጾም ሙሉ እየሞከርኩ፣ ስንቱን ሱፍ እየደፋሁ። ሴቶቹ ሳፋውን ጠርገው በሉና አሠራሩን ንገሪን አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ልጆቻቸው በደብተር ጻፉት። በሳምንቱ አሠራሩ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ከአጀንዳው ቀድሞ ይወራ ጀመር፤ ቡሬ ያለች የአንዷ ማኅበርተኛ እህት ሳትቀር ለሰንበቴ ሠርታ ተመሰገነችበት አሉ። «የመምህሯ ድንች» ነበር የሚሉት። ስሜ ባይጠራም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴን ልናገር እንጂ፣ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ዞር ብዬ የሻሽወርቅን እንዴት አደርሽ አልኳት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደነገጠች። ደህና ነሽ ወይ መምህር ብላ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ብርዱ አወራች፤ ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ ዛሬ ያን ድንች ስሠራ እንዳልደክም፣ ምግቡ እንደሆነ ሞልቶ መትረፉን ነገረችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳፋውን ጢም አድርገሽ አምጭልኝ ብላ የለመነችኝ እሷ ናት። ስምንት ኪሎ ድንች ትናንት ከቅዳሜ ገበያ አስጭኜ ገብቻለሁ፤ ዛሬ ሌሊት ተነሥቼ ቀቅዬዋለሁ። እጇን ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ወሰድኳትና፣ ግማሹን ሰምቻለሁ፣ የቀረውን ጨርሺው አልኳት።

ጨረሰችው። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት፣ ዓርብ ዕለት፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ የእትዬ አምለሰት ባለቤት ሙት ዓመት ነበር። እኔ ሳስተምር ስለዋልኩ አልነበርኩም፤ ድንቹን ሠርተው የወሰዱት አማቴ ናቸው። ካህናቱም ማኅበርተኛውም በዘጠኝ ሰዓት ተቀምጦ በልቶ ሲያበቃ፣ ከባሕር ዳር ለሙት ዓመቱ የመጣች አንዲት ነርስ የተረፈውን ቀመሰችና ይህ ማዮኔዝ ነው፣ እንቁላል አለበት አለች። በነቢያት ጾም፣ በዓርብ፣ ካህን ከበላ በኋላ። እትዬ አምለሰት የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ማን ነው የሠራው ሲባል አማቴ «እኔማ መምህሯ እንዳለችኝ ነው የሠራሁት» አሉ። እንግዲያው በኅዳርም ሱፍ ነው እያለች ያበላችን ማዮኔዝ ኖሯል ተባለ፤ አለቀ። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ቀኑ ነው። እኔ ዘጠኝ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን ሁሉ እንዴት ዋላችሁ እያልኩ ከወገቤ ጎንበስ ስል ነበር።

«እማማ ንግሥቴ እንዲህ አሉ?» አልኳት።

«ከአፋቸው ነው የሰማሁት» አለች የሻሽወርቅ። «አንችስ ምነው መምህር፤ ሱፉ ቢያጥርሽ ድንቹ እንዲሁ አይበላም ነበር?»

ቤት ስደርስ አሸናፊ የሽሮ ፍርፍሩን እየበላ የስብሰባ ማስታወሻውን ያገላብጣል፤ እሑድ የሚባል ቀን የማያውቅ መሥሪያ ቤት ነው ያለበት። እማማ ንግሥቴ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ጠበላቸውን ከጠርሙስ ወደ ስኒ እየቀዱ ይጠጣሉ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የእሳቸው አልጋ ሳሎኑ ውስጥ በመስኮቱ ሥር ተዘርግቷል፣ ከራስጌው የማርያም ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር ጠበሉ፣ እምነቱ፣ መቁጠሪያቸው። ሰው ሲመጣም ሳይመጣም ያንን ጥግ ማንም አይነካም። ነጠላዬን ሳላወርድ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና፣ እትዬ አምለሰት ቤት የወሰዱትን ድንች በምን እንደለወሱት ጠየቅኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። እንዳልሽኝ ነው አሉ። ሱፉን ራስዎ ወቀጡት ወይ አልኳቸው። እንዳልሽኝ ነው ብያለሁ እኮ መምህር አሉና መቁጠሪያቸውን አነሱ። መቁጠሪያ ከተነሳ ጸሎት ነው፣ ጸሎት ላይ ያለን ሰው ደግሞ አይጠይቁትም፤ ይህንን ከእኔ ይልቅ እሳቸው አሳምረው ያውቁታል።

ለአሸናፊ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ እሳቸው እየሰሙ። የሴት ወሬ ነው፣ ሲነጋ ይረሳል አለኝ። ዘጠኝ ጊዜ ነጋ እኮ አልኩት። በእሑድ ምድር እናቴን ምነው ባታፋጥጫት አለና፣ እጁን ታጥቦ፣ ማስታወሻውን በብብቱ ይዞ ወጣ። ይህ ሰው በሕይወቱ በደንብ የሚያውቀው ነገር ቢኖር መቼ እንደሚወጣ ነው። እኛ ሁለታችን ቀረን። ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ክፉ አልተነጋገርንም፤ ታይፎይድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ከአጠገቤ ያልተነሱ ሴት ናቸው። ግን አንድም ቀን በስሜ አልጠሩኝም፤ ለእሳቸውም መምህር ነኝ። ጾም ሲሆን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከጠበል በቀር ውኃ እንኳን አይቀምሱም፤ ለፋሲካ ማግሥት ቆብ ለመድፋት ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨርሰዋል። እንዲህ ያለች ሴት በሐሰት ስሜን ሰጠች ብዬ ለማን እነግራለሁ? ብነግርስ ማን ያምነኛል?

ማድቤት ገባሁ። ድንቹ በትልቁ ብረት ድስት ተቀምጧል፤ አጠገቡ የሱፉ ጣሳ አለ። ጣሳውን ስከፍተው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ያን ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ለእማማ ንግሥቴ ብዬ ሱፉን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ እዚህ ጣሳ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩላቸው። ማታ ስመለስ ያው እንዳለ አገኘሁት፤ ምነው ስላቸው የአምለሰት ሱፍ በቃን አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። አሁን እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ሱፉ እዚህ ካለ ድንቹን ያነጣው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ዘጠኝ ቀን የፈጀብኝ መሆኑ ራሱ አበሸቀኝ። የሌላው ተንኮል ሲያናድድ፣ የራስ ቂልነት ደግሞ ይብሳል።

እማማ ንግሥቴ ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ደጅ ወጡ። እኔ ሳሎን ገብቼ ከሥዕሉ ሥር ቆምኩ። ጠርሙሱ አፈ ሰፊ፣ ክዳኑ ቢጫ ነው። ድሮ ጠበላቸውን የሚይዙት በትንሽ ጀሪካን ነበር፤ ይህን ሰሞኑን ሳየው ከየት አመጡት አላልኩም። ለሰባተኛ ክፍል ልጆች፣ በመንገድ ያገኛችሁትን ጽሑፍ ሁሉ አንብቡ እያልኩ የምመክር እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። የጠርሙሱ ጽሑፍ በጥፍር ተፍቆ ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው ከላይ ዓረብኛ ነው፣ ከታች በደቃቃው የእንግሊዝኛ ፊደል የተሠራበት ነገር ተዘርዝሯል። ዘይት፣ ውኃ፣ የእንቁላል አስኳል። ሁለቴ አነበብኩት። ውስጡ ግን የማርያም ጠበል አለ። ልድፋው ብል ጠበል አይደፋም፤ ትቼው ልሂድ ብል ደግሞ ማስረጃዬ ይኸው ብቻ ነው። ክዳኑን ጠበቅ አደረግኩና እንዳለ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በቁም ነገር እርግጠኛ ለመሆን ብዬ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለው ከተስፋው ሱቅ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሰሞኑን ማን ገዛህ ስለው ሳያመነታ እማማ ንግሥቴ አለኝ፤ ሦስት ወስደዋል፣ ሥልሳ አምስት ብር አንዱን፣ ለእሳቸው ብዬ ሥልሳ። እንቁላል እንዳለበት ታውቃለህ ስለው ሳቀ። «የጾም ነው። የባሕር ዳር ሆቴሎች ሁሉ ለጾም ድንች የሚያደርጉት ይኸን ነው» አለኝ። ከኋላው መደርደሪያ ላይ ሌላ ጠርሙስ አወረድኩና ጽሑፉን በጣቴ አሳየሁት። አይቶ፣ አገላብጦ፣ እንቁላል ቢሆንማ ኖሮ ይሸት ነበር፣ ደግሞ ስንት ወር ታሽጎ በመርከብ ሲመጣ እንቁላል አይበላሽም ወይ ብሎ ተከራከረኝ። ስንት ሰው ሸጥክለት አልኩት፤ ከጾሙ ወዲህ አንድ ካርቶን አልቋል አለኝ። የእኔ አሠራር መሆኑ ነው፤ ሱፍ መውቀጥ የሰለቻቸው ሁሉ ወደ ተስፋው ሱቅ ዞረዋል ማለት ነው። ስንቱ ቤት እንደገደፈ አስቤ ራሴን አዞረኝ። ተስፋው እኔን ለማስደሰት አስቦ፣ ከፈለግሽ ላንችም በሥልሳ ላድርግልሽ አለኝ።

ተመልሼ ሱፉን መውቀጥ ጀመርኩ። የሻሽወርቅ አታምጭ ብትለኝም ሠርቼ እወስዳለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ለማን እንደማበላው ግን አላውቅም። ዘነዘናውን ባነሳሁ ቁጥር አንድ አንድ ሰው እያሰብኩ ነበር፤ አንዴ የሻሽወርቅን፣ አንዴ ነርሷን፣ ሁለቴ አሸናፊን። እማማ ንግሥቴን ግን ማሰብ አቃተኝ። ዘነዘናው ለእኔ ለሠላሳ አራት ዓመቷ እንኳን ከብዶ ክንዴ እየዛለ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሰባ ዓመታቸው ነው። ያን ዓርብ ለመቶ ሰው የሚሆን ሱፍ ወቅጠሽ ነይ የተባሉት እሳቸው ናቸው፤ ያዘዝኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ጣሳውን ሞልቼ፣ እንዲህ እንዲህ ያድርጉት ብዬ፣ ለትምህርት ቤት እየሮጥኩ። ይህንን ሳስብ ንዴቴ ቀነሰ ልበል? አልቀነሰም። ክንዴን አመመኝ ማለት አንድ ቃል ነው።

ስድስት ሰዓት አካባቢ ለመውጣት ተዘጋጀን። ወንበሩን ቢለቁም ማኅበሩ ሲጠጣ አይቀሩም። ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ ወደ ጥጋቸው ዞረው ይሳለማሉ። ዛሬም ዞሩ። ከሥዕሉ ሥር ባዶውን ቦታ አዩት። እኔ ሳፋውን በጨርቅ እየሸፈንኩ አላየሁም መሰልኩ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ምርኩዛቸውን አነሱ፣ እንሂድ አሉኝ። እስከ የሻሽወርቅ ቤት ድረስ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ሳፋውን ተሸክሜ ከኋላ ሆነን ሄድን። ባጃጅ ያዝ እናድርግ እንዳልላቸው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ብር ማውጣትም ጾም የሚፈታ ይመስላቸዋል።

የየሻሽወርቅ ሳሎን በዕድር አግዳሚዎች ዙሪያውን ተሞልቷል፤ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሳፋዬን ተቀብላ ከበሩ ኋላ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ጨርቁን እንኳን ሳትገልጥ። የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ለሦስት ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠም። ሌሎቹ ግን እጅብ ብለው፣ ጉልበት ለጉልበት ተጣበው ተቀምጠዋል። የማኅበሩ የንስሐ አባት አባ ገብረሰንበት ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ምስርና ሽሮው በየተራ ዞረ። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ቦንድ መዋጮ፣ ደምበጫ ላይ ስለተገለበጠው አይሱዙ ተወራ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር፤ ክዳኑ በደንብ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ጠበሉ ቀስ እያለ ቀሚሴን ሲያረጥበው ይሰማኛል። አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩኝ ጠርሙሱን ከመሶቡ አጠገብ አስቀምጬ፣ አንብቡት፣ ከዚያም ማን እንደገዛው ተስፋውን ጠይቁት እላቸዋለሁ። አጠናሁት። በልቤ ሦስት ጊዜ ተናገርኩት።

ሰዓቱ ሲደርስ እትዬ አምለሰት ተነሱ። ረዥም፣ ድምፃቸው የማይጮህ፣ ሳይቆጡ የሚያስፈሩ ሴት ናቸው፤ ከእማማ ንግሥቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፣ ከልጅነት ጀምሮም አንዷ ከሌላዋ እንዳታንስ ሲጠባበቁ የኖሩ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ፊታቸው ተቀምጧል። ማርያም ቤቷን እንድታጸዳ፣ በማኅበሩ መካከል ሰሞኑን የገባው ነገር እንዲወጣ ተናገሩ፤ ስሜን አልጠሩም፤ ተራውን ለማሳለፍ ማኅበሩ ቢስማማ ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አባ ገብረሰንበት እጃቸውን አነሱ።

«ይህ ነገር በንስሐ አልቋል» አሉ። «ባለጉዳይዋ ራሷ ሰኞ ዕለት መጥታ፣ ጥፋቷን ተናግራ፣ ቀኖናዋን ተቀብላለች። ከእንግዲህ ማንም እንዳያነሳው። ተራውም እንዳለ ይሁን።»

አርባ ሰባት ፊት ወደ እኔ ዞረ። እስከ አሁን የተቆጣ ፊት ነበር፤ አሁን አዘነልኝ። ጥግ ያለች አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። የሻሽወርቅ እንባ እንባ አላት፤ ተነሥታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ ትከሻዬንም ዳበስ አደረገችኝ። እትዬ አምለሰትም ፊታቸው ፈታ ብሎ፣ ጽዋውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ እኔ መጡ። እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ሰው ይሳሳታል፣ መጥተሽ መናዘዝሽ ትልቅ ነገር ነው አሉኝ። አባ ገብረሰንበት ደግ ሥራ የሠሩ መስሏቸው ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ጽዋው አፍንጫዬ ሥር ነው። እጄን ብዘረጋ የአራት ዓመቱ ነገር ያልቃል፤ አስተርእዮ ቤቴ ይገባል፤ ሁሉም ይመጣል፤ እየበሉም፣ ምስኪን፣ እንቁላሏን ተናዝዛ ነው እኮ ይላሉ። ዕድሜዬን በሙሉ።

«እኔ አልተናዘዝኩም» አልኩ።

ድምፄ እንደ ክፍል ውስጥ ሆኖ ወጣ። እትዬ አምለሰት ጽዋውን እንደያዙ ቆሙ። ወደ ማንም አላየሁም፤ ወለሉን ነበር የማየው። «ሰኞ ሳስተምር ነው የዋልኩት። አባ ጋ የሄድኩት እኔ አይደለሁም። የሠራሁት በሱፍ ነው» አልኩ። ከዚህ በኋላ ቦርሳዬን መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። እጄ ቦርሳው ላይ ነው፤ ርጥበቱ ይሰማኛል። አጥንቼው የነበረው ንግግር ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ለፋሲካ ማግሥት ቆብ ለመድፋት የጨረሱ ሴት እዚያ ማዶ ተቀምጠዋል፤ እኔ ይህን ጠርሙስ ባወጣ የዚህ ከተማ ሴት ቆባቸው ላይ ሌላ ነገር ነው የምታየው። አባ ገብረሰንበት ጢማቸውን መዳበስ ትተዋል። እሳቸውም መናገር አይችሉም።

«ጠርሙሱን አውጭው፣ እስከዳር» አሉ እማማ ንግሥቴ።

መጀመሪያ የሰማሁት ስሜን ነው። ቀና ስል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ቦርሳሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣ አውጭው አሉኝ እንደገና። አወጣሁት። መሶቡ አጠገብ፣ ቄጠማው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ረዥም አይደለም። ሱፉን ምራቴ አዘጋጅታልኝ ነበር፤ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ፤ ከተስፋው ሱቅ ይህንን ገዛሁ፤ የጾም ነው አለኝ። እንቁላል ነው ሲባል ደነገጥኩና የእሷን ስም ሰጠኋችሁ። ሰኞ አባ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ የሰባ ዓመት ሴት የገበያ ዋጋ የምትናገር ነበር የሚመስለው። ጠርሙሱንም ጠበል ቢገባበት ይነጻል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት አሉና ተቀመጡ።

እትዬ አምለሰት ጽዋውን እንደያዙ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ክንድሽን ካመመሽ ምነው አትነግሪኝም ነበር?» አሉ።

«አንች ፊት?» አሉ እማማ ንግሥቴ።

ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። አባ ገብረሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የምራትዎን ስም መስጠትዎን ሰኞ አልነገሩኝም፣ ለእሱ ሌላ ጊዜ ይመጣሉ አሏቸው። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ የዚችን ልጅ ስም በዚህ ነገር ያነሳችሁ ሁሉ አርባ አርባ ስግደት አሉ። አንዲትም ሴት ቀና አላለችም። የሻሽወርቅ ግን ከአጠገቤ ተነሥታ ከበሩ ኋላ ሳፋውን አመጣች፤ ጨርቁን ገለጠችና ማን ይጀምር እንደሚል ሰው ዙሪያውን አየች። ማንም እጁን አልዘረጋም። በሱፍ ነው ብያለሁ፣ ተመስክሮልኛል፣ ያም ሆኖ ነጭ ነው፤ ከጠርሙሱ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ደግሞ በጣም ነጭ ነው። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

እማማ ንግሥቴ በመስኮቱ ፀሐይዋን አዩ። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀራል። እሑድ ነው፣ እሑድ እስከ ዘጠኝ አይጾምም ብለው ስንት ቄስ እንደነገሯቸው አውቃለሁ፤ ሰምተው አያውቁም። አሁን ሰሐን አቅርቢልኝ አሉኝ። ጨለፍኩላቸው። በቀኝ እጃቸው ጠቅልለው ጎረሱ፤ አላመጡ፤ ዋጡ፤ ደገሙ። ሦስተኛውን ሲጎርሱ እትዬ አምለሰት ጽዋውን ለእኔ ሰጥተው ሰሐን አነሱ። ከዚያ በኋላ ሳፋው እንዴት እንዳለቀ አላየሁም፤ ጽዋውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ከአርባ ሰባቱ ግማሾቹ ወዲያው፣ ሱፉ ከመቀቀሉ በፊት ነው የሚታጠበው ወይስ በኋላ እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ኅዳር ላይ ነግሬያቸዋለሁ። ልጆቻቸው በደብተር ጽፈውታል።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ንግሥቴ እንደ አመጣጣቸው ከፊት ነበሩ፣ ጠርሙሳቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው። እኔ ጽዋውን ይዤ፣ ባዶውን ሳፋ በብብቴ አድርጌ ከኋላ እከተላለሁ። ይቅርታ የሚል ቃል እጠብቅ ነበር፤ አልዋሽም። እስከ መናኸሪያው ጠበቅሁ፤ የተስፋውን ሱቅ አለፍን። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ቆም ብለው ጠበቁኝ።

«ጨው አብዝተሽበታል» አሉኝ።

ይህንንስ እንዲሁ ላልፈው አልቻልኩም። እንግዲያውስ ለአስተርእዮ ጨዉን እርስዎ ይጨምሩበታላ አልኳቸው። ምርኩዛቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«አስተርእዮማ ዘንድሮ ማክሰኞ ነው የሚውለው» አሉ ሳይዞሩ፤ «የፍስክ ነው። ያን ዕለት እንቁላልም ብታገቢበት ማንም አይከለክልሽ።»

ጽዋው እጄ ላይ ባይሆን ኖሮ እዚያው መንገዱ መሐል ቁጭ እል ነበር።